ክታብና ክትባት

ክታብ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ክትባት ክንድ ላይ ያርፋል። የሁለቱም ቃል ሥር ግን አንድ ነው፤ በግዕዝ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። የፈንጣጣ ከታቢ የሰው ክንድ ሲጭር ቆዳ ላይ እንደሚጽፍ ሳይቆጠር አልቀረም፤ ቃሉም እዚያው ተጣብቆ ቀረ። የሸኽ ክታብና የደብተራ ክታብ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት በሚገኝበት በወሎ ይህ ዝምድና ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

«የክትባት ፓስፖርት» የሚሉት ደግሞ ሦስተኛ ጽሑፍ ነው። እንደ ክታቡ ባለቤቱን ከክፉ ዓይን እጠብቃለሁ አይልም፣ እንደ ክትባቱም ከበሽታ አይጠብቅም። ክንድ ላይ ስለተጻፈው ነገር ለበር ጠባቂ የሚያወራ ወረቀት ነው። ጠቡም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ የሚጠብቀው ማንን ነው? በሩስ የማን ነው?

በኮሮና ዘመን ዓለም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሲነታረክ አንዱ «ካርድ የሌለው አይግባ» አለ፤ ሌላው «ሰውነቴ የግሌ ነው» አለ። ሁለቱም አንድ ስህተት ይጋሩ ነበር፤ ክትባት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ይመስላቸዋል። አይደለም። አንዳንዱ ክትባት በሽታውን ከተከተበው ሰው ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ይዘጋዋል። አንዳንዱ የተከተበውን ከሞት ያድነዋል እንጂ ማሻገሩን አያስቀረውም። የመጀመሪያውን ዓይነት ማስረጃ በር ላይ መጠየቅ ትርጉም አለው። የሁለተኛውን መጠየቅ ግን ሰውን ለራሱ ጥቅም ሲሉ ከበር መመለስ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ምክንያትም ይፈልጋል። ስለዚህ ከነፃነት ፍልስፍና በፊት መጠየቅ ያለበት ክትባቱ በደምና በጉሮሮ ውስጥ የሚሠራው ምን እንደሆነ ነው።

ለመንገደኛ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የክትባት ማስረጃ፣ ቢጫውን ካርድ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀውና በሰኔ 2007 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ አገሮች ለመግቢያ ማስረጃውን መጠየቅ እንደሚችሉ በስም ጠርቶ የደነገገው ለአንድ በሽታ ብቻ ነው፤ ለቢጫ ወባ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫይረሱን በደሙ የያዘ አንድ መንገደኛ ትንኙ ባለበት፣ ቫይረሱ ግን በሌለበት አገር ቢወርድ፣ የነከሰችው ትንኝ ወረርሽኝ ልትጀምር ትችላለች። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። በአንጻሩ 0.5 ሚሊ ሊትር የሆነች አንዲት መርፌ ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ ትበቃለች፤ የተከተበው ሰውም ቫይረሱን ተሸክሞ አይሄድም። ካርዱ ስለ ሌላው ሰው ደህንነት እውነት ይናገራል ማለት ነው።

በ2,500 ሜትር ላይ ብርድ የለመደ የደሴ ሰው «ትንኝ በሌለበት አገር ይህ ለምን ያስፈልገኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ድንበር ላይ የሚታየው ግን የጦሳ ተራራ ብርድ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ስም ነው። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በቅርብ ዓመታትም በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ውስጥ ታይቷል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሌላም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። ትንኙም ተሕዋሱም ሌላ ነው። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ሐርቡ ወይም ቆቦ ወርዶ ያለ አጎበር ቢያድር ወባ ከመያዝ አይድንም።

አሁን ወደ ካርዱ አሞላል እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚመለሰው በበሽታ ሳይሆን በአሞላል ነውና። ክትባቱ የሚመጣው ደርቆ በዱቄት መልክ ነው። የሚበጠበጠው አብሮት በመጣው ፈሳሽ ብቻ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይጣላል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ስለሆነ ለአንድ ሰው ብሎ መክፈት ከታቢውን ያሳቅቀዋል፤ ቀን ተቆርጦ ሰው ተሰብስቦ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ማንኛውም ጤና ጣቢያ አይሰጠውም፤ የተፈቀደለት ማዕከል መሆን አለበት። ስለዚህ ከመሄድ በፊት መጠየቅ፣ ቢቻል አብረው ከሚጓዙት ጋር መሄድ መንገድ ይቆጥባል። በቅርቡ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ሰውም ይናገር፤ ሁለቱም ሕያው ክትባት ስለሆኑ ወይ በአንድ ቀን ይሰጣሉ፣ ወይ በመካከላቸው 4 ሳምንት ይጠበቃል።

መርፌው ካረፈ በኋላ ካርዱ የሚጸናው በ10ኛው ቀን ነው። ሰኞ ተከትቦ ሐሙስ የሚበር ሰው የተከተበ ቢሆንም ካርዱ ገና አልጸናም። ቀድሞ ካርዱ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነበር፤ ከሐምሌ 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ሆኗል። ይህ አሮጌ ካርዶችንም ይጨምራል፤ «እስከዚህ ዓመት» ተብሎ የተጻፈበት ቢሆን እንኳ እንደገና መወጋት አያስፈልግም። በካርዱ ላይ የሚነካ፣ የሚሰርዝ፣ «ላስተካክለው» የሚል ሰው ግን ያበላሸዋል፤ ደንቡ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ወይም ያልተሞላ ቦታ የቀረበትን ካርድ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። አንድ መስመር ከተሳሳተ አዲስ ካርድ ይሻላል።

የከታቢው ፊርማ በእጅ መሆን አለበት። የማዕከሉ ማህተምም ያስፈልጋል፤ ማህተሙ ግን ፊርማውን አይተካም። እኛ አገር ማህተም ካረፈ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ አላለቀም። የአምራቹ ስምና ባች ቁጥሩም ከብልቃጡ ላይ ይገለበጣል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛ ቢጨመር አይከለከልም፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን ለይቶ የሚያጠቃው የቀን አቆጣጠሩ ነው። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከተበ ሰው፣ ጸሐፊው ከልማድ የተነሳ 5/1/2017 ብሎ ቢያሰፍርለት፣ ጅዳ ላይ ያለው ሰው ጥር 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ግን 15 ሴፕቴምበር 2024 ነው። ለቢጫ ወባ ካርዱ ዕድሜ ልክ ስለሆነ ሊያልፍ ይችል ይሆናል። ቢበዛ 5 ዓመት በሚያገለግለው የማጅራት ገትር ክትባት ላይ ግን ትናንት የተወጋው ሰው ዛሬ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ማጻፍ፣ ዓመቱንም ከፓስፖርቱ አቆጣጠር ጋር ማስተያየት። ስምም እንዲሁ ነው። «ሰይድ»ን በላቲን ፊደል አንዱ በኢ፣ አንዱ በኤ፣ ሌላው በዋይ ይጽፈዋል፤ «መሐመድ» ደግሞ የአጻጻፉ ብዛት አይነሳ። ከታቢው በጆሮው እንዲጽፍ አይተዉት፤ ፓስፖርቱን ፊቱ ይዘርጉለት።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ቢኖርም ቢጫው ካርድ መስኮት አለው፤ የኮሮናው ክርክር የረሳውም ይህን ነው። ክትባቱ የማይስማማው ሰው አለ፤ ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን፣ እንቁላል በብርቱ የሚቆጣው ሰው፣ የሰውነት መከላከያው በበሽታ ወይም በመድኃኒት ክፉኛ የደከመ ሰው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብም ሐኪም ጉዳትና ጥቅሙን ይመዝንለታል። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ፈርሞ ይሰጠዋል፤ የመግቢያው ባለሥልጣንም ያንን ከግምት ማስገባት አለበት። ካርድ የሌለውን መንገደኛም ቢሆን ደንቡ ተለይቶ እንዲቆይ ሊያደርገው የሚፈቅደው ቢበዛ 6 ቀን ነው፤ በሽታው በሰውነት ውስጥ የሚያደባበት ጊዜ 6 ቀን ስለሆነ። ቁጥሩ ከበሽታው ተፈጥሮ የተቀዳ ነው እንጂ ቢሮ ውስጥ የተፈለሰፈ አይደለም። ማናቸውም ሌላ ማለፊያ ቢወጣ መጀመሪያ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው፤ ለምን ያህል ቀን፣ ለምን ይኼን ያህል?

ወሎ ካርዱን የሚያውቀው ከሁሉ በላይ በሐጅ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከሐጅ ጋር ተያይዞ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሳ፤ ያኔ በሽታውን ያመጣው «ኤ» የሚባለው ዓይነት ነበር። ክትባቱ ግዴታ ሆነ። በ2000 ግን «ደብልዩ 135» የሚባል ሌላ ዓይነት መጣ። የአራቱን ዓይነቶች፣ የኤ፣ የሲ፣ የደብልዩና የዋይን ክትባት መጠየቅ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ እኛን ስለሚነካ ነገሩ ለእኛ ሁለት ጎን አለው፤ ይዘን መሄድም ይዘን መመለስም እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በዘመቻ የተሰጠው ሜን አፍሪ ቫክ የሚባለው ክትባት የሚከላከለው «ኤ» የሚባለውን ዓይነት ብቻ ነው። በዘመቻ የተከተበ ሰው «ማጅራት ገትር ተከትቤያለሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ ለሐጅ ግን አይቆጠርለትም። አራት ዓይነቱን የሚከላከለውም ራሱ ሁለት ዓይነት አለው፤ አሮጌው ለ3 ዓመት ያገለግላል፣ «ኮንጁጌት» የሚባለው ለ5 ዓመት። ሁለቱም ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው መሰጠት አለባቸው። ልዩነታቸው ግን በዓመት ብቻ አይደለም። አሮጌው ሐጃጁን ራሱን ከበሽታው ይጠብቀዋል፤ በጉሮሮው ያለውን ተሕዋስ ግን እምብዛም አያጠፋውም። ኮንጁጌቱ በጉሮሮ መሸከሙንም ይቀንሳል። ሐጃጅ ሲመለስ ቤቱ በዘያሪ ይሞላል፤ ዘምዘም ይቀመሳል፣ ተምር ይታደላል፣ ሕፃን ይሳማል። ያን ቀን የመንደሩ ጤና የተንጠለጠለው «ተከትቧል» በሚለው ቃል ላይ አይደለም፣ የትኛውን ተከተበ በሚለው ላይ ነው። ካርዱን በጨረፍታ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ምርጫው ካለ ኮንጁጌቱን ይጠይቁ።

ከዚህ ተነስተን የኮሮናውን ማለፊያ ብናየው የት ላይ እንደወላለቀ ይታያል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ያህል አስትራዜኔካ፣ የገባው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። የዚያኑ ዓመት ሰኔ 24 የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል ሰርተፊኬቱን ጀመረ። ታዲያ ሕንድ ውስጥ «ኮቪሺልድ» በሚል ስም የተመረተው አስትራዜኔካ መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ሰርተፊኬት ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም፤ አንዳንድ አገሮች ተቀበሉት፣ አንዳንዶቹ አልተቀበሉትም። ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል ለድሃ አገሮች በብዛት የታደለው እሱ ነበር። ፈሳሹ አንድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው፣ ብልቃጡ ላይ ያለው ስም ግን ሌላ። ይህ ከጤና ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም፤ የፋብሪካ ፈቃድ ወረቀት ጉዳይ ነበር። ሰው በሕክምና ስም በቢሮክራሲ ሲመለስ፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም የሚለውን ሁሉ መጠርጠሩ አይቀርም።

ቀጥሎ ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ መጣ። ክትባቱ ከከባድ ሕመምና ከሞት መጠበቁን ቀጠለ፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። መያዝንና ማስተላለፍን የመከላከል አቅሙ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ እየሳሳ ሄደ። ፈረንሳይ ጥር 24 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ማለፊያዋን አጥብቃ ከተከተበ ወይም ከበሽታው ካገገመ ሰው በቀር አታስገባም አለች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ መጋቢት 14 አነሳችው። አውሮፓም በሰርተፊኬቱ ላይ የ270 ቀን ገደብ አስቀመጠች። ከ6 ቀኑ ጋር አስተያዩት፤ 6 ቀን በሽታውን ተከትሎ የመጣ ነው፣ 270 ቀን በሽታውን ሊደርስበት የሮጠ። ማለፊያውን የተቃወሙ ብዙዎች ክትባቱንም አብረው ጣሉ፤ ክትባቱን የደገፉ ብዙዎች ደግሞ ማለፊያውን መተቸት ክትባቱን መካድ መሰላቸው። ሁለቱም ሳይነጣጥሉ በመሄዳቸው ኪሳራው የወደቀው በክትባቱ ላይ ነው። ሽማግሌ አባት ያለው ሰው በ2014 ዓ.ም. ሊያስከትባቸው ይገባ ነበር፤ ቡና ቤት እንዲያስገባቸው ሳይሆን ትንፋሽ እንዳያጥራቸው።

ያኔ ወሎ ውስጥ ስለ ቡና ቤት በር የሚከራከር ሰው አልነበረም። ጣሊያን ጥቅምት 15 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በየሥራ ቦታው ማለፊያ ስትጠይቅ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተያዙ። ዓለም አንድ ክርክር ላይ ነው ሲባል ሁሉም ሰው እዚያ ክርክር ውስጥ ነበር ማለት አይደለም።

ለማንኛውም፣ ማለፊያ በር ይፈልጋል። የባቲ የሰኞ ገበያ የቱ ጋ ነው በሩ? አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ፣ ነጋዴው ከኮምቦልቻ በመኪና፣ ገበሬው ከየአቅጣጫው በእግር ይገባል። ገመድ ቢወጠር ገበያው ከገመዱ ውጭ ይቆማል። ግሸን ማርያም ግን በር አላት፤ አምባው ዙሪያውን ገደል ስለሆነ ሰው የሚወጣው በጠባብ መንገድ ነው። መስከረም 21 አንድ መቶ ሺህ ሰው ወጣ ብለን እናስላ። አንዱን ካርድ ለማየት 10 ሰከንድ ቢፈጅ አንድ ሚሊዮን ሰከንድ ነው፤ 10 ጠባቂ ጎን ለጎን ቢቆም እንኳ ሳያርፉ ወደ 28 ሰዓት ይወስዳል። ያ ሁሉ ሰው በጠባቡ መንገድ ተጠጋግቶ፣ እየተነፈሰ፣ እያሳለ ይጠብቃል። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚያ ወረፋ የበለጠ ምቹ ነገር የለም። ይልቅ ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ ክትባቱን ወደ ወረዳዎቹ ማውጣት፣ በመንገዱ ላይ ደግሞ ውኃና መጸዳጃ ማዘጋጀት ያዋጣል፤ እንዲህ ባለ ስብስብ ላይ ቀድሞ የሚፈራው ኮሌራ ነውና።

«ክትባት ያልጨረሰ ልጅ ትምህርት ቤት አይግባ» የሚለውን ሐሳብ ከሁሉም የበለጠ የሚደግፈው ኩፍኝ ነው። መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ የኩፍኝ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል፤ ለማቆም ከ100 ልጆች 95ቱ መከተብ አለባቸው። ክትባቱም መተላለፉን በደንብ ይዘጋል። በሳይንሱ በኩል ማለፊያው ይቆማል ማለት ነው። የሚወድቀው በሌላ በኩል ነው። የወሎ ደጋ ልጅ ያልተከተበው አብዛኛውን ጊዜ እናቱ እምቢ ስላለች አይደለም። ጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ላይኖረው ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክማ በወር አንድ ቀን ትወጣለች። ክረምት መንገዱ ይቆረጣል። የኩፍኝ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ባለ 10 ዶዝ ነው፤ ሁለት ልጅ ብቻ ሲመጣ ስምንቱ ይደፋል ብላ ሳትከፍተው ትመልሳቸዋለች። መመሪያው ለአንድ ልጅም ይከፈት ይላል፤ የባከነ ዶዝ ሪፖርት ላይ ስለሚታይ ግን ትፈራለች፤ የተመለሰ ልጅ ሪፖርት ላይ አይታይም። ብልቃጡ ላይ ያለችው አራት ማዕዘን ምልክት ከከበባት ክብ እኩል ከጠቆረች ሙቀት አግኝቶታልና መጣል አለበት፤ ያም ቀን ሌላ የባከነ ቀን ነው። እዚህ ላይ ማለፊያ ብናቆም የምንቀጣው ማቀዝቀዣውን ሳይሆን ልጁን ነው። ከአገልግሎቱ በፊት የቆመ በር ሁሉ እንዲህ ነው።

ሕጉስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በአገር ውስጥ የመንቀሳቀስንና ከአገር የመውጣትን ነፃነት ይሰጣል። በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በሕግ ሊገደብ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል ግን የጤና ጥበቃን ይጠቅሳል። አንቀጽ 93 ደግሞ ወረርሽኝን ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት አድርጎ በስም ያስቀምጣል፤ ለክልሎችም በክልላቸው እንዲያውጁ ይፈቅዳል። በር ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ግን በሩ ሕግ ይፈልጋል። የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም የአውቶቡስ ረዳት ከራሱ አውጥቶ የሚጠይቀው ካርድ ሕግ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1905 እ.ኤ.አ. ውሳኔም ቢሆን፣ ያጸናው ፈንጣጣን ለመከተብ እምቢ ባለ ሰው ላይ የ5 ዶላር ቅጣት ነው እንጂ እጅ ጠምዝዞ መውጋትን አይደለም። ክትባቱ ለሚጎዳው ሰውም ልዩ ሁኔታ ሊኖር እንደሚገባ ውሳኔው ጠቁሟል። መስኮቱ እዚያም አለ።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር ወሎ ከክትባት ፓስፖርት የከፋ የጤና ማለፊያ ለዓመታት ሲኖርበት ዝም መባሉ ይገርመኛል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ከመነሳቷ በፊት ትመረመራለች፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ እርግዝና። ውጤቱ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንዱ ይነገራታል፤ «ፊት» (ብቁ) ወይም «አንፊት» (ብቁ ያልሆነች)። የክትባት ካርድ ቁልፍ ያለው በር ነው፤ ተከትቦ 10 ቀን የጠበቀ ይገባል። «አንፊት» ግን ብዙ ጊዜ ቁልፍ የሌለው በር ነው። ቢ ወይም ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ የተገኘባት ልጅ ምግብ በማብሰል ለማንም አታስተላልፍም፤ ቢ ዓይነቱ ከሆነ አሠሪዎቿ ራሳቸው ሊከተቡት የሚችሉት ክትባት አለ። ውጤቱ ለደላላው ሲነገር፣ በደላላው በኩል መንደሩ ሲሰማ፣ የግል ሕይወት የሚባለው ነገር የት እንደገባ ማንም አይጠይቅም። ስለ ነፃነት ለመከራከር የፈለገ ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

የምስጢሩ ነገር ከተነሳ፣ ዲጂታሉ ካርድ ከወረቀቱ በአንድ በኩል ይሻላል፣ በሌላ በኩል ይብሳል። የአውሮፓው ኪውአር ኮድ በውስጡ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የክትባቱን ዓይነትና ቀን ይይዛል፤ ሰጪው አገር በምስጢር ቁልፍ ይፈርምበታል፣ የጠባቂው ስልክ ይፋ በሆነው ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። ማስመሰል ከባድ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ነገር ግን ኮዱ የተፈረመ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም። መንግሥት የሠራው መተግበሪያ አረንጓዴና ቀይ ብቻ ቢያሳይም፣ የራሱን ማንበቢያ የጫነ ማንኛውም ሰው ውስጡን ሁሉ ያነባል። ነገ የክትባት መረጃ ከፋይዳ ቁጥር ጋር ይገናኝ ቢባል መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ጠባቂው የሚያየው ምንድን ነው፣ ያየውንስ ያስቀምጣል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦታል። አዋጁን በር ላይ የቆመው ልጅ ያነበዋል ብሎ መጠበቅ ግን አይቻልም። ስለዚህ መተግበሪያው ሲሠራ ከመጀመሪያው ማሳየት የሌለበትን እንዳያሳይ ሆኖ መሠራት አለበት።

የመዝገቡ ነገርም አለ። በ2014ቱ ጦርነት የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ የሚጠፋው አልጋና ማይክሮስኮፕ ብቻ አይደለም፤ መዝገብም ይጠፋል። የተከተበ ልጅ፣ እናቱ ካርዱን ሳትይዝ ከተሰደደች፣ በወረቀት ዓለም ያልተከተበ ነው። ፈንጣጣ በነበረበት ዘመን ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ራሱ ካርድ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ የሚታይ ምልክት የሚተወው የሳንባ ነቀርሳው ቢሲጂ ነው። ለኩፍኝ ማስረጃ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ እንደገና ይሰጠዋል፤ ትርፍ ዶዝ አይጎዳውም። ቢጫ ካርዱ የጠፋበት ሰው የተከተበበት ማዕከል መዝገብ ካለ፣ ቀኑና ባች ቁጥሩ ተገኝቶ ምትክ ሊጻፍለት ይችላል፤ መዝገቡም ከጠፋ እንደገና ተከትቦ ሌላ 10 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ካርዱ በተሰጠ ዕለት ባች ቁጥሩ በሚነበብበት መልኩ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ፎቶውም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ።

ካርዱ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው፤ ሕፃን በእናቱ ካርድ አይገባም። መጻፍ ለማይችል ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይፈርምለታል። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንትም ከበር አይመለሱም፤ በፊርማቸው ቦታ ላይ ምልክታቸውን ያኖራሉ፣ ምልክቱ የእሳቸው መሆኑን ሌላ ሰው ከጎኑ ይጽፍላቸዋል።